በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ክበብ አቋቁሞ ዓመቱን ሙሉ በሥራ ላይ የማቆየት አሠራር

በአብዛኞቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የተጓዳኝ ክበባት ዝርዝር ረጅም ነው። ሚኒ ሚዲያ፣ አካባቢ ጥበቃ፣ ቀይ መስቀል፣ ሥርዓተ ፆታ፣ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ትራፊክ ደኅንነት፣ ፀረ ኤች አይ ቪ ኤድስ እየተባለ ከአሥር የማያንስ ስም ይቆጠራል። በየሳምንቱ በታወቀ ሰዓት ተገናኝቶ የሚሠራው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለትና ከሦስት አያልፍም። የቀሩት መስከረም ላይ አባላት ይመዘግባሉ፣ በዓል ወይም የኢንስፔክሽን ቡድን ሲመጣ ይነቃሉ፣ ሰኔ ላይ ሪፖርት ጽፈው ይዘጋሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ተጠሪ ሆነው ለተመደቡ መምህራንና ክበብ ለመምራት ለተነሡ ተማሪዎች ነው። ለብዙ ዓመታት በተጠሪነት ስሠራ ያየኋቸው የጠፉ ክበባት ሁሉ፣ ገንዘብ የነበራቸውም ያልነበራቸውም፣ የጠፉት በየሳምንቱ የሚሠሩት የታወቀ ሥራ ስላልነበራቸው ነው፤ ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ፦ ከስም በፊት ሳምንታዊውን ሥራ መወሰን

ክበብ ለማቋቋም የተሰባሰቡ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከስም፣ ከዓርማና ከቲሸርት ነው። ይህን ሁሉ ለኋላ አቆይተው «ይህ ክበብ በየሳምንቱ ምን ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ሊጽፉ ይገባል። መልሱ «ግንዛቤ ያስጨብጣል» የሚል ከሆነ ጥያቄው ገና አልተመለሰም፤ ግንዛቤ ከሥራው በኋላ የሚገኝ ውጤት እንጂ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተነሥተው የሚሠሩት ሥራ አይደለም። የሚኒ ሚዲያ ክበብ በሳምንት ሦስት ቀን በእረፍት ሰዓት የ15 ደቂቃ ዝግጅት ያቀርባል። የቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑን ቆጥሮ የጎደለውን ይመዘግባል፣ አንድ የርዳታ አሰጣጥ ዘዴም ይለማመዳል። የሥርዓተ ፆታ ክበብ የልጃገረዶችን ማረፊያ ክፍል ያጸዳል፤ ውሃ፣ ሳሙናና ሞዴስ መኖሩንም ያረጋግጣል። የሳይንስ ክበብ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ በክፍለ ጊዜ ማጠር ምክንያት የታለፈ አንድ ሙከራ ይሠራል። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ሥራዎች ናቸው፤ ሆኖም አንድ ሳምንት ሳይሠሩ ቢቀሩ መቅረታቸውን ሰው ሁሉ ያውቃል፣ አባላቱን በቀጣዩ ሳምንት የሚመልሳቸውም ይህ ነው።

ሥራው ሲመረጥ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው ሌሊት ብቻ ከሆነ ውሃ የሚጠራቀምበት ሮቶ ሳይገኝ ችግኝ ጣቢያ መክፈት ድካም ነው። በስም ብቻ የቀረ ክበብ ካለም አዲስ ከማቋቋም እሱን ማንሣት ይቀላል፤ ማኅደር፣ ክፍል፣ አንዳንዴም በንብረት ክፍል የተቀመጠ ዕቃ ይኖረዋል። አንድ ዓመት ለሚኒ ሚዲያ አምፕሊፋየር መግዣ ገንዘብ ለማሰባሰብ ተፍ ተፍ ስንል የንብረት ክፍል ኃላፊዋ «የድሮው እኮ እዚህ አለ» ብለው አቧራ የጠጣ ዕቃ ከመደርደሪያ ሥር ጎትተው አወጡልን። ተከፍቶ ሲታይ የተቃጠለው ፊውዙ ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፦ ፈቃድና ተጠሪ መምህር ማግኘት

ቀጥሎ ለርእሰ መምህሩ በተጓዳኝ ክበባት አስተባባሪው በኩል የሚቀርብ ደብዳቤ ይዘጋጃል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። የክበቡ ስም፣ ሳምንታዊ ሥራው፣ የሚሰበሰብበት ቀንና ሰዓት፣ የሚጠይቀው ክፍልና ዕቃ፣ እንዲሁም የአስተባባሪ ተማሪዎቹ ስምና ክፍል ይገለጽበታል። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም የሚመራባቸው አራት ጉዳዮች መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ መሆናቸው ይታወቃል፤ የክበቡ ሥራ ከእነዚህ መካከል የትኛውን እንደሚያግዝ በአንድ መስመር ቢጠቀስ ርእሰ መምህሩ በትምህርት ቤቱ ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ ለማስገባት አይቸገሩም፣ ኋላ በጀት ሲጠየቅም መነሻ ይሆናል። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት ገቢ ከተደረገ በኋላ ቅጂው በክበቡ ማኅደር የመጀመሪያው ገጽ ሆኖ ይታሰራል። የቃል ፈቃድ በርእሰ መምህር ዝውውር ይጠፋል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ግን አዲስ ለሚመጡትም ይነበባል።

ተጠሪ መምህር ሲመደብ በትምህርት ዓይነት ብቻ መመደብ የተለመደ ስሕተት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ለባዮሎጂ መምህር፣ ሥነ ጽሑፍ ለአማርኛ መምህር ይሰጥና ሌላ አይታይም። መጠየቅ ያለበት፣ መምህሩ ወይም መምህርቷ በተመረጠው ቀን በግቢው ውስጥ ይገኛሉ ወይ? የክፍለ ጊዜ ጫናቸው ስንት ነው? ፈቃደኛስ ናቸው ወይ? የሚለው ነው። ችግኝ የሚወድ የሒሳብ መምህር ሳይወድ ከተመደበ የባዮሎጂ መምህር እጅግ ይሻላል። ከተቻለም ሁለት ተጠሪ፣ አንዷ ሴት ብትሆን፣ ይመደብ፤ አንዱ ሲታመም ወይም ለሥልጠና ሲሄድ ሥራው አይቋረጥም።

ሦስተኛ፦ ቀንና ሰዓት

የክበብ ዕድሜ ከምንም በላይ የሚወሰነው በዚህ ደረጃ ስለሆነ ጥቂት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ የጠዋቱ ተማሪ 6፡30 ገደማ ሲወጣ ርቦታል፤ የከሰዓቱ ተማሪ ደግሞ ያን ጊዜ ወደ ክፍል እየገባ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ፈረቃዎች በአንድ ስብሰባ ለማገናኘት ከመታገል ክበቡን በሁለት ምድብ ከፍሎ፣ የከሰዓቶቹን ረፋድ 4፡00፣ የጠዋቶቹን ከምሳ በኋላ 8፡00 ማሰባሰብ፣ የሁለቱ ምድብ ጸሐፊዎችም በአንድ መዝገብ እንዲጽፉ ማድረግ የተሻለ ነው። ሙሉ ቀን በሚያስተምር ትምህርት ቤት የክበባት ክፍለ ጊዜ በሳምንታዊው ፕሮግራም ውስጥ እንዲገባ ፕሮግራም የሚያወጡትን መምህር ገና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ማነጋገር ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ከተለጠፈ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ለከርሞ ይቀራል።

ዓርብን መምረጥ የሚያስቀር ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛው የሙስሊም ተማሪዎች የጁምዓ ሶላት ሲሆን ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። በወረዳ ከተሞች ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎች ዓርብ ከትምህርት ሲወጡ ስንቅ ለማምጣት ወደ ወላጆቻቸው ይጓዛሉ። ዓርብ ከሰዓት የሚሰበሰብ ክበብ እነዚህን ተማሪዎች ሳያስበው አባሮ የከተማ ልጆች ብቻ ክበብ ይሆናል። የገበያ ቀንም እንዲሁ ይታይ። በእግራቸው ሩቅ የሚሄዱ ልጃገረዶች ሳይመሽ ቤታቸው እንዲደርሱ ስብሰባው ከ10፡30 እንዳያልፍ መወሰን ይገባል፤ አንዲት ተማሪ ሁለት ጊዜ አምሽታ ከገባች ቤተሰቧ በሦስተኛው እንደሚከለክላት ከልምድ አውቃለሁ፣ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ቀኑ አንዴ ከተወሰነ ዓመቱን ሙሉ አይለወጥ። የሚመጡት ስድስት ብቻ ቢሆኑ እንኳ ስድስቱ ይሥሩ፤ አንድ ጊዜ «ሰው ስላነሰ ተሰርዟል» የተባለ ክበብ በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ሰው ይቀረዋል።

አራተኛ፦ አባላትን መመዝገብ

ምዝገባ በመስከረም ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ይካሄድ። ከዚያ በፊት የ9ኛ ክፍል አዲስ ገቢ ተማሪዎች ገና ክፍላቸውን እየፈለጉ ነው። በሰልፍ ላይ ከሚነገር ማስታወቂያ ይልቅ ነባር አባላት ሁለት ሁለት ሆነው በየክፍሉ ገብተው ለሦስት ደቂቃ ሥራቸውን ቢያሳዩ ያዋጣል። የቀይ መስቀል አባል ፋሻ ይዞ ገብቶ የጓደኛውን ክንድ በሦስት ማዕዘን ጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቢያሳይ ስለ ክበቡ ዓላማ ከሚነበብ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል።

የመመዝገቢያ ቅጹ ስም፣ ክፍልና ፈረቃ፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስልክ፣ ተማሪው በክበቡ ሊሠራ የሚፈልገው ሥራ፣ እንዲሁም የወላጅ ፊርማ ይኖረዋል። ፊርማው ችላ እንዳይባል አደራ እላለሁ፤ ቅዳሜ ለዘመቻ ሲወጣ ወይም ልምምድ ሲያመሽ ወላጁ አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ቁጥሩ ለአንድ ሳምንታዊ ሥራ ከሚበቃው በላይ መሆን የለበትም። ሁለት መቶ ስም የያዘ መዝገብ ለሪፖርት ያምራል፤ ነገር ግን ሥራ ያልተሰጠው አባል በሁለተኛው ሳምንት አይመጣም። እኔ ከ30 እስከ 40 ያለውን ቁጥር መርጬ የቀሩትን በተጠባባቂ ዝርዝር እይዛለሁ።

ውጤቱ ዝቅ ያለ ተማሪ እንዳይመዘገብ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ይህን አልስማማበትም። በክፍል ውስጥ ዝም ያለ ልጅ አምፕሊፋየር ሲጠግን ወይም ችግኝ ሲያፈላ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚያቆየው ገመድም ብዙ ጊዜ ይኸው ክበብ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ጉዳይ ግን ለብቻው ይታያል። አገር አቀፍ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረና ውጤቱም ብዙ ቤተሰብ ካስደነገጠ ወዲህ ወላጆች ክበብን ጊዜ ማባከኛ አድርገው ማየታቸው አይፈረድባቸውም። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እስከ ጥር ድረስ በአማካሪነት ቢቆይና ከሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ጀምሮ ቢለቀቅ፣ የኃላፊነት ቦታዎች ደግሞ በ10ኛና በ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ቢያዙ ሁሉም ወገን ይስማማበታል።

አምስተኛ፦ ኮሚቴና ደንብ

ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ንብረት ያዥ በቂ ናቸው። ምርጫው አባላቱ ቢያንስ ለሦስት ሳምንታት አብረው ከሠሩ በኋላ ይሁን፤ በመጀመሪያው ቀን የሚመረጠው ሁልጊዜ ጮክ ብሎ የሚናገረው ነውና። ከሰብሳቢና ከገንዘብ ያዥ አንዳቸው ሴት እንድትሆን በደንቡ ቢጻፍ ሴቶችን ለጸሐፊነት ብቻ የመምረጥ ልማድ ይቀራል። መተዳደሪያ ደንቡ ከሁለት ገጽ አይበልጥ፤ የስብሰባውን ቀን፣ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቀረ አባል ምን እንደሚደረግ፣ ገንዘብና ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ኮሚቴው መቼ እንደሚለወጥ ከገለጸ ይበቃዋል።

ስድስተኛ፦ ዓመታዊ ዕቅድ

ዕቅድ የሚጻፈው የትምህርት ዘመኑን የጊዜ ሰሌዳ ፊት ለፊት አስቀምጦ ነው። በመጀመሪያ ክበቡ የማይሠራባቸው ሳምንታት ይሰረዛሉ፤ የመንፈቅ ዓመት ፈተናዎችና ከእነሱ በፊት ያለው አንድ ሳምንት፣ የገና፣ የጥምቀት፣ የትንሣኤና የሁለቱ ዒድ ቀናት። የቀሩት ሳምንታት ሲቆጠሩ ከሚጠበቀው በጣም ያነሱ ሆነው ይገኛሉ፤ ዕቅዱም የሚጻፈው በእነሱ ልክ ነው። ከዚያ ከክበቡ ጋር የሚሄዱ ቀናት ይመረጣሉ። የሰንደቅ ዓላማ ቀን በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ይውላል። የዓለም ኤድስ ቀን ኅዳር 22 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ኅዳር 21 ስለሚውል በየዓመቱ የድሮውን ዕቅድ መገልበጥ ያሳስታል። የዓድዋ ድል በዓል የካቲት 23፣ የሴቶች ቀን የካቲት 29፣ የቀይ መስቀል ቀን ሚያዝያ 30፣ የአካባቢ ቀን ግንቦት 28 ናቸው። አንድ ክበብ ከእነዚህ ከሁለት በላይ ባይመርጥ እመክራለሁ፤ በዓል በበዛ ቁጥር ሳምንታዊው ሥራ ይረሳል።

ዕቅድ ከሥራው ባሕርይ መነሣት እንዳለበት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ጥሩ ማሳያ ነው። ብዙ ክበባት ሰኔ መጨረሻ ላይ ከወረዳው ብዙ መቶ ችግኝ ተቀብለው በአንድ ቀን ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ትምህርት ቤቱም ይዘጋል። ክረምቱ ዝናብ ስለሆነ ችግኙ እስከ መስከረም ያምራል። የሚሞተው ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲያቆም፣ ወይም በክረምቱ አጥሩ ፈርሶ ፍየል ሲገባ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከኋላ ወደ ፊት ይሰላል። 40 አባላት በአምስት በአምስት ሲመደቡ 8 ቡድን ይሆናሉ። እያንዳንዱ ቡድን በሳምንት ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ውሃ ቢያጠጣ ባጠቃላይ 16 ጀሪካን ነው። ለአንድ ችግኝ 5 ሊትር ቢታሰብ አንዱ ጀሪካን ለ4 ይበቃል፤ ክበቡ በበጋ ሊያድን የሚችለው ችግኝ 64 ነው ማለት ነው። እንግዲህ መተከል ያለበት 64 ነው፤ 600 አይደለም።

ችግኙን ራሱ ክበቡ የሚያፈላ ከሆነም እንደ ግራቪሊያ ያሉት ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎች የካቲት ላይ ቢዘሩ ለሐምሌ ተከላ ይደርሳሉ፤ ወይራና ጽድ አዝጋሚ ስለሆኑ ከዚያ ብዙ ወራት ቀድሞ መጀመር ይጠይቃሉ። የግራር ዘር ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ የፈላ ውሃ ተደርጎበት፣ ውሃው እየቀዘቀዘ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ይዘራል። ችግኙ በሚፈላበት ፕላስቲክ ውስጥ የሚሞላው አፈር በተለምዶ ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። በክረምቱ አጥሩን የሚያይ ተረኛ ከግቢው አቅራቢያ ከሚኖሩ አባላት ተመርጦ ስሙ ከዕቅዱ ጋር ይለጠፋል፤ ለጥበቃ ሠራተኛውም በወጉ ሊነገራቸው ይገባል።

ሰባተኛ፦ ሳምንታዊው ስብሰባና ሥራ

አንድ የክበብ ቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ መልካም ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ስም ለመጥራትና ያለፈውን ሳምንት ቃለ ጉባኤ ለማንበብ፣ ቀጣዮቹ አርባ ደቂቃዎች ለሥራ፣ የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ሥራ በስም ለመመደብ ይውላሉ። ቃለ ጉባኤው አጭር ይሁን፤ ማን ምን እንዲሠራ እንደተወሰነና እስከ መቼ እንደሆነ ብቻ ይጻፍበት። ተጠሪ መምህሩ ከኋላ ተቀምጠው ቢያዳምጡ፣ ሲጠየቁ ብቻ ቢናገሩ ተማሪዎቹ መምራት ይማራሉ። ይህ ለእኛ ለመምህራን ቀላል አይደለም፤ ዝምታው ሲረዝም አፋችንን ይበላናል።

የሚኒ ሚዲያ ክበብን ሥራ ቀረብ ብለን እንመልከት። የእረፍት ሰዓቱ 15 ደቂቃ ከሆነ አንድ ደቂቃ ለመግቢያ፣ አራት ለትምህርት ቤቱ ዜናና ማስታወቂያ፣ ስድስት ለዕለቱ ዋና ዝግጅት፣ ሁለት ለጥያቄና መልስ፣ ሁለት ለሙዚቃና ለመዝጊያ ይመደባል። ዋናው ዝግጅት ተማሪው ራሱ የሰበሰበው ነገር ቢሆን አድማጭ ያገኛል። ቤተ መጻሕፍቱ ሰሞኑን ምን አዲስ መጽሐፍ አስገባ? የግቢው ሻይ ቤት እማማ ሥራቸውን በስንት ሰዓት ይጀምራሉ? ከኢንተርኔት ተገልብጦ የሚነበብ ምክር ግን ማንም አይሰማውም። ጽሑፉ በጥራት ተጽፎ ከአንድ ቀን በፊት ለተጠሪ መምህሩ ይቀርባል፣ አንባቢዋ ጮክ ብላ በሰዓት ለክታ ታነበዋለች፣ ከተፈረመበት በኋላ ብቻ ወደ ማይክ ይወጣል። ማይኩ ከአፍ አንድ ጋት ያህል ይራቅ። ድምፁ ማፏጨት ከጀመረ ማይኩ ወደ ስፒከሩ ዞሯል ወይም ድምፁ በዝቷል ማለት ስለሆነ መጀመሪያ ማይኩን ማዞር፣ ቀጥሎ ድምፁን መቀነስ ነው። ጡሩምባ ስፒከሮቹ ወደ ሜዳው እንጂ ወደ መማሪያ ክፍሎች ወይም ወደ አጎራባች ቤቶች እንዳይዞሩ ይደረግ።

ጽሑፍ አስቀድሞ ይፈረምበት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ምርጫ የሚባል ዝግጅት ነበረን፤ ተማሪዎች በብጣሽ ወረቀት ስም እየጻፉ «ለእገሊት ይሁንልኝ» ይላሉ። አንድ ቀን የአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስም ከማታውቀው ልጅ ስም ጋር ተነበበ። ሜዳው ሙሉ ሳቀ፤ ልጅቷ አራት ቀን ከትምህርት ቀረች። ወረቀቱን አስቀድሜ አለማየቴ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ቤቷ ድረስ ሄጄ እናቷን ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ ወዲህ የማንም ተማሪ ስም ያለ ራሱ ፈቃድ በማይክ አይነበብም የሚል አንቀጽ በደንባችን የመጀመሪያው ሆኖ ተጽፏል፤ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ያላቸው ሁሉ እንዲጽፉት እለምናለሁ።

ስምንተኛ፦ ገንዘብና ንብረት

የገንዘብ ምንጭ ሦስት ሊሆን ይችላል፤ ከትምህርት ቤቱ የድጎማ በጀት፣ ስኩል ግራንት ከሚባለው፣ በዕቅድ የሚጠየቅ፤ የአባላት መዋጮ፤ በትምህርት ቤቱ ዕውቅና የሚዘጋጅ የሻይ ቡና ወይም የትርኢት ገቢ። መዋጮ አነስተኛና በፈቃደኝነት የሚከፈል መሆን አለበት፣ ያልከፈለ አባልም ስሙ በስብሰባ ላይ አይነሣ። ከወላጅ መምህር ተማሪ ኅብረት ዕውቅና ውጪ ከነጋዴ ወይም ከድርጅት ገንዘብ መጠየቅ ተማሪዎቹን ለችግር ያጋልጣል።

ገንዘብ በተማሪ ኪስ ወይም በመምህር መሳቢያ አያድርም። የተሰበሰበው በዚያው ዕለት ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ገቢ ይደረግና ደረሰኙ በማኅደሩ ይታሰራል። አንድ ዓመት ለቲሸርት የተዋጣ ገንዘብ በገንዘብ ያዧ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ቀን ቆይቶ ጠፋ። ማን እንደወሰደው አልታወቀም፤ ልጅቷ ግን ሳትሰርቅ እንደ ሌባ ታየች። የ16 ዓመት ልጅ ላይ ይህን ሸክም የጫንነው እኛ አዋቂዎቹ ነን። አሁን ገንዘብ ሲሰበሰብ ሁለት ተማሪዎች አብረው ይቆጥራሉ፣ ሁለቱም በመዝገቡ ላይ ይፈርማሉ፣ እኔም አብሬ ወደ ሒሳብ ክፍል እሄዳለሁ። ወጪ ሲኖር ደግሞ ከቃለ ጉባኤው ውሳኔ፣ ከጥያቄ ደብዳቤውና ከግዢ ደረሰኙ አንዱ የጎደለበት ክፍያ አይፈጸምም።

የተገዛ ወይም በስጦታ የተገኘ ዕቃ በንብረት ክፍል በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሆንና ክበቡ በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ያወጣዋል። ተማሪዎች ይህን እንደ አላስፈላጊ ወረቀት ሊያዩት ይችላሉ፤ ነገር ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ሚክሰሩ የክበቡ መሆኑን የሚመሰክረው ያ ወረቀት ነው።

ዘጠነኛ፦ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ከግቢ ውጭ የሚደረግ ማንኛውም ጉዞ የርእሰ መምህሩ ደብዳቤ፣ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድና ቢያንስ ሁለት መምህራን ያስፈልጉታል። ተጠሪ መምህር ከአንድ ተማሪ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሠራም፤ ይህ ተማሪውንም መምህሩንም ይጠብቃል። በሥርዓተ ፆታ ወይም በፀረ ኤድስ ክበብ አንዲት ተማሪ ጥቃት እንደደረሰባት ብትናገር የክበቡ አባላት ጉዳዩን አይመረምሩም፣ በስብሰባም አያነሡትም፤ በዕለቱ ለሴት ተጠሪዋ ይነገራል፣ እሳቸውም ለርእሰ መምህሩና ለሚመለከተው አካል ያቀርባሉ። የመንግሥት ትምህርት ከሃይማኖት ነጻ ስለሆነ ክበብ በሃይማኖት ወይም በፖለቲካ ድርጅት ስም አይቋቋምም፤ በብሔር የተከፋፈለ ቡድን ሲመሠረት የታየ እንደሆነም አባላቱን ቀላቅሎ በሥራ መመደብ ከስብከት ይሻላል።

አሥረኛ፦ ግምገማና ርክክብ

በየመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ስብሰባ ለግምገማ ይውላል። የሚጠየቀው ቀላል ነው፤ ከታቀዱት ሳምንታት ስንቱ ተሠራ? ያልተሠራው ለምን ቀረ? ከተመዘገቡት ስንቱ ይመጣሉ? ለሪፖርት የሚቀርበውም ይኸው ቁጥር ሳይቀባ ነው። 22 ሳምንት አቅዶ 15 የሠራ ክበብ በትክክል ከጻፈው በሚቀጥለው ዓመት የት ላይ እንደሚሻሻል ያውቃል።

ርክክቡ ከማጠቃለያ ፈተና በፊት፣ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይፈጸም። ፈተናው ካለቀ በኋላ ተማሪው ይበተናል፣ ቁልፍም ከአንዱ ተማሪ ጋር ወደ ገጠር ይሄዳል። ተሰናባቹና ተተኪው ኮሚቴ አንድ ላይ ተቀምጠው ዕቃውን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ የመዝገቡ፣ የማኅደሩና የቁልፉ ርክክብ በሁለት ቅጂ ተጽፎ ይፈረምበታል፣ አንዱ ቅጂ ለአስተባባሪው ይሰጣል። ተተኪዋ ጸሐፊ በዚያው ቀን አዲስ ገጽ ገልጣ የመስከረምን የመጀመሪያ ስብሰባ ቀንና ሰዓት፣ ከሥሩም በየክፍሉ እየገቡ ክበቡን የሚያስተዋውቁትን ሁለት ሁለት አባላት ስም ትጽፋለች።